ዛጎሉ ከሐሮማያ አልወጣም

ጥያቄው፦ «የምኖረው ሐረር ጁገል ውስጥ ነው። ከአያቴ የወረስነው፣ በቆዳ ተለብጦ በዛጎል ያጌጠ የወተት መናጫ ቅል አለን። ከዛጎሎቹ 7ቱ ረግፈዋል። አጎቴ ዛጎሉ ድሮ ከሐሮማያ ሐይቅ ይወጣ ነበር፣ ሐይቁ ሲደርቅ አብሮ ጠፋ ይላል። እናቴ ደግሞ የዓሣ አጥንት ነው ትላለች። ድሬዳዋ ቀፊራ ያገኘሁት ዛጎል ጀርባው ሙሉ ነው፣ ቢጫም ነው፤ የአያቴ ግን ጀርባው የለም። እውነተኛው የቱ ነው? ሐይቁ አሁን ውሃ ስለያዘ ዛጎሉን መልሶ ማርባት ይቻላል? ዛጎሎቹ ስለጠቆሩ በሎሚ ባጥባቸውስ ይነጣሉ?»

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ሌላው ቢቆይ ይቆያል፣ እሱ ግን አይቆይም። በሎሚ አይጠቡት። ኮምጣጤም በረኪናም አያስነኩት። ይህን አንብበው እስኪጨርሱ ቅሉን ጥላ ያለበት ደረቅ ቦታ አስቀምጠው ይተዉት።

አጎትዎም እናትዎም ተሳስተዋል። ዛጎል አጥንት አይደለም፣ ከሐይቅም አይወጣም። የአንድ ትንሽ የባሕር ቀንድ አውጣ ቤት ነው። ሰው የሚቸገረው ዛጎሉ ቀንድ አውጣ ስለማይመስል ነው፤ ክረምት ጓሮ ላይ የምናየው ቀንድ አውጣ ቤቱ ሲጠማዘዝ ከውጭ ይታያል፣ ዛጎሉ ግን ከላይ እንደ እንቁላል ድፍን ነው፣ ከታች ደግሞ ጥርስ ያለው ቀጭን ስንጥቅ ብቻ አለው። ጥምዝምዙ አልጠፋም፤ ውስጥ ተሸፍኖ ነው ያለው። እንስሳው ልጅ ሳለ ቤቱ ስስ ነው፣ አፉ ሰፊ ነው፣ ጥምዝምዙም ይታያል። ለአካለ መጠን ሲደርስ የአፉ ጠርዝ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ስንጥቁ ይጠብባል፣ በግራና በቀኝ ጥርሶች ይወጡለታል። ከዚያ ወዲያ በቁመት አያድግም፤ የሚጨምረው ውፍረት ነው። ስለዚህ ከቅልዎ ላይ ትንሹን ዛጎል «ልጅ»፣ ትልቁን «አዋቂ» ብለው አይዩት። ጥርስ ያወጣ ሁሉ አዋቂ ነው፤ ሰው አጭርና ረጅም እንደሚሆን እሱም እንዲሁ ነው።

ሕይወት ያለውን ዛጎል ያየ ሰው ገበያ ላይ ያለውን ዳግም በቀድሞ ዓይኑ አያየውም። ጅቡቲ ጠረፍ፣ ባሕሩ ጎድሎ የኮራሉ (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚሠሩት ድንጋይ) ሜዳ ብቅ ባለበት ሰዓት፣ ጉልበቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሜ አንድ የሞተ ኮራል በቀስታ ገለበጥኩ። ከሥሩ አንድ አውራ ጣት የሚያህል ነገር ተጣብቋል፤ ዛጎል አይመስልም፣ ነጠብጣብ ያለበት ለስላሳ ሥጋ ነው። ጣቴን ሳስጠጋ ሥጋው ከሁለት በኩል እንደ ካባ ተሰበሰበና ወደ ስንጥቁ ገባ። ከሥሩ የወጣው ቤት እርጥብ ሸክላ ይመስል ያብረቀርቅ ነበር። ያ ካባ ነው የዛጎሉ ምስጢር። እንስሳው ሲንቀሳቀስ ካባውን በቤቱ ላይ ይደርባል፣ ከላይ እየቀባ ያወፍረዋል፣ ከጭረትና ከሚጣበቅ ነገር ይጠብቀዋል። ሌላው የባሕር ቀንድ አውጣ ጀርባው ሻካራ ሆኖ ሳለ ዛጎል ሳይወለወል የሚያበራው በዚህ ምክንያት ነው። እንስሳው ከሞተ በኋላ ግን ያንን ብርሃን የሚመልስለት የለም። ይህን ያስታውሱት፤ ወደ ሎሚው ስመለስ ያስፈልገናል። ድንጋዩንም እንደነበረ መልሼ አኖርኩት፤ ያልተመለሰ ድንጋይ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ፀሐይ ላይ ይጥላል።

አሁን ዝርያው። እኛ አገር በቆዳ፣ በቅልና በአንገት ጌጥ ላይ የሚሰፋው ትንሽ ዛጎል በአብዛኛው ከሁለት የቅርብ ዘመዳሞች አንዱ ነው። አንዱ ሞኔታሪያ ሞኔታ ይባላል። የስዊድኑ የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ስም ሲያወጣለት ነው «ሞኔታ» ያለው፣ በላቲን ገንዘብ ማለት ነው፤ ለብዙ ሕዝብ ገንዘብ ሆኖ አገልግሏልና። ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቢጫነት አለው፣ ዙሪያው ጎበጥ ጎበጥ ያለና ማዕዘን የሚመስል ነው። ሁለተኛው ሞኔታሪያ አኑሉስ ነው፤ አኑሉስ ቀለበት ማለት ነው፣ ግራጫ ጀርባው ላይ ወርቅማ ቀለበት የተሳለበት ይመስላል። ዙሪያው ለስላሳ፣ ቅርጹም ሞላላ ነው። ሁለቱም ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ተነሥተው ሕንድ ውቅያኖስን አቋርጠው እስከ ሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች ድረስ ይኖራሉ፤ ቀይ ባሕርም ከግዛታቸው ነው። የሚኖሩት ጥልቅ ባሕር ውስጥ አይደለም። ባሕሩ ሲሞላ የሚሸፈነው፣ ሲጎድል የሚገለጠው ዳርቻና ከዚያ ዝቅ ያለው ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው ቤታቸው፦ የኮራል ስብርባሪ ሥር፣ የድንጋይ ስንጥቅ፣ የባሕር ሣር መካከል። ቀን ይደበቃሉ፣ ሲመሽ ወጥተው ድንጋይ ላይ የበቀለውን አልጌ ይግጣሉ። ሴቲቱ እንቁላሏን ከድንጋይ ጋር አጣብቃ እስኪፈለፈል ከላዩ ላይ ትቀመጣለች።

ስለ ሐሮማያ የጠየቁት መልስ እዚሁ ውስጥ አለ። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ይይዛል፣ የዚህ እንስሳ የሰውነት ፈሳሽም ከዚሁ ጋር የተስተካከለ ነው። ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ቢያስገቡት ውሃው ወደ ሰውነቱ ይጎርፋል፤ የሚያስወጣበት ኩላሊት እንደ ዓሣ የለውም፣ አብጦ ይሞታል። ሐሮማያ ደግሞ በዝናብና በጎርፍ የሚሞላ የጣፋጭ ውሃ ሐይቅ ነው፤ ከ1,900 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ፣ ሌሊቱ የሚቀዘቅዝ። ውሃው ተመለሰ ማለት ባሕር ተመለሰ ማለት አይደለም። በመስታወት ገንዳ የባሕር ጨው በጥብጦ አዋቂውን ለጊዜው ማኖር ይቻላል፤ ማርባት ግን ሌላ ነው። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ዛጎል አይደለም፣ ዓይን የማያየው ተንሳፋፊ ነው። ከማዕበሉ ጋር እየተንሳፈፈ ሰንብቶ ነው ተስማሚ ድንጋይ ሲያገኝ የሚያርፈው። ያንን ሁሉ በገንዳ መተካት እኛ ቀርቶ ባሕር ዳር ያለ ሰውም የሚተዳደርበት ሥራ አይደለም። ገበያ ላይ የሚያዩት ዛጎል ከባሕር ዳርቻ በእጅ ተለቅሞ የመጣ ነው። በዚህ ሐሳብ ላይ ብር አያውጡ።

አጎትዎ ግን ከባዶ የተናገሩ አይመስለኝም። ሐይቅ ሲደርቅ ጭቃው ላይ ነጫጭ የቀንድ አውጣ ቤቶች በብዛት ይቀራሉ፣ ይህን ያየ ልጅ ዛጎል ነው ብሎ ቢያድግ አይፈረድበትም። እነዚያ የጣፋጭ ውሃ ቀንድ አውጣዎች ናቸው፦ ስስ፣ ተሰባሪ፣ ጥምዝምዛቸው ከውጭ የሚታይ፣ አፋቸው ክብና ጥርስ የሌለው። እዚህ ላይ በጥብቅ የማሳስበው አለ። ከእነሱ መካከል እንደ ትንሽ ሳንቲም ጠፍጣፋ ሆኖ የተጠቀለለ አለ፤ የአንጀት ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው እሱ ነው። ትሉ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውሃ ውስጥ እየዋኘ ጤነኛ ቆዳ በስቶ ይገባል። ልጆች «ዛጎል እንልቀም» ብለው ሐይቅ ዳር ወይም ዝግ ያለ ወንዝ ውስጥ በባዶ እግራቸው እንዳይገቡ። ገብተው ከሆነና በኋላ ሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ከታየ ጤና ጣቢያ ሄደው ውሃ ውስጥ መግባታቸውን ጭምር ይንገሩ። ምርመራው ቀላል ነው፣ መድኃኒትም አለው።

ሌላም የሚያሳስት ነገር በአካባቢያችን አለ። የድሬዳዋና የሐረር ኮረብታዎች ብዙዎቹ የኖራ ድንጋይ ናቸው፤ የድሬዳዋ ሲሚንቶ የሚሠራበት ድንጋይ ማለት ነው። ያ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ምሥራቅ ኢትዮጵያን የሸፈነ ባሕር ወለል ነበር። ስለዚህ ድንጋይ የሆነ የባሕር እንስሳ ቤት ኮረብታ ላይ ቢያገኙ አይደነቁ። በአያትዎ ቅል ላይ ካለው ጋር ግን ዝምድና የለውም፤ መርፌም አይበሳውም። በቀንድ አውጣ ማጌጥም እዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ከድሬዳዋ አጠገብ ባለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ከ30 ሺህ ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች የየብስ ቀንድ አውጣ ክዳኖችን ትተዋል፤ 419 ተቆጥረዋል፣ መሐላቸው ቀዳዳ ያላቸውም ናቸውና ዶቃ ሆነው አገልግለዋል ተብሎ ይታመናል። ያ ቀንድ አውጣ ቤቱ ሲገባ በሩን የሚዘጋበት ክዳን አለው። አዋቂ ዛጎል ክዳን የለውም፤ ስንጥቁ ራሱ ጠባብ ስለሆነ ይበቃዋል። እነዚያ ሰዎች ባሕር ሳይወርዱ ከጓሯቸው ያለውን ነው የተጠቀሙት።

የእርስዎ ዛጎል ግን ባሕር ተሻግሮ ነው የመጣው። ሐረር ባሕር የላትም እንጂ ከባሕር ተለይታ አታውቅም፤ በሯ በሶማሌ ጠረፍ ያለችው የዘይላ ወደብ ነበረች። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ ዘይላን አይቶ ከዓሣውና ከሚታረደው ግመል የተነሣ ስለ ሽታዋ ጽፏል። ያው መንገደኛ እ.ኤ.አ. በ1343 ማልዲቭ ደሴቶች ደርሶ ዛጎሉ እንዴት እንደሚዘጋጅ መዝግቧል፦ ከባሕር ተለቅሞ ሥጋው በስብሶ እስኪያልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፣ ነጭ ቤቱ ብቻ ይቀራል፣ ከዚያ በመርከብ ወደ ቤንጋል ይሄዳል። ዋጋውን ሲነግረን 400 ሺህ ዛጎል በአንድ የወርቅ ዲናር ይለወጣል ይላል። በሐረር ግን ዛጎል መገበያያ ነበር ብለው አይንገሩ፣ ብዙ ሰው ይህን ሲደግመው እሰማለሁ። ሐረር በአሚሮቿ ዘመን የራሷን መሐለቅ የምታስመታ ከተማ ነበረች። ዛጎሉ ወደዚህ የመጣው ለጌጥ ነው። በዙሪያው ያለው የኦሮሞ አርብቶ አደር ኤለላን ብሎ፣ ሶማሌውም አፋሩም በየራሱ ስም ጠርቶ በወተት ዕቃው፣ በልጁ አንገት፣ በግመሉ ጌጥ ላይ ሰፍቶታል። መጀመሪያ በግመል ቅፍለት መጣ፤ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ደግሞ መንገዱ አጠረ።

እንግዲህ እውነተኛው የቱ ነው? ምናልባት ሁለቱም። የአያትዎ ዛጎል ጀርባ የሌለው ስለተሰበረ ሳይሆን ሆን ተብሎ ስለተገዘገዘ ነው። ጎባጣው ጀርባ ካልተነሣ ዛጎሉ ቆዳ ላይ ይንከባለላል፣ መርፌም አያሳልፍም። ጀርባው ሲነሣ ጠፍጣፋው ሆዱ ብቻ ይቀራል፣ ክሩ በስንጥቁና በተከፈተው ቀዳዳ ይመላለሳል። ከረገፉት አንዱን አንሥተው ገልብጠው መስኮት ዳር ይዩት። በተቆረጠው ጠርዝ ዙሪያ ቀጭን ወርቅማ መስመር ቀርቶ ከሆነ፣ ዙሪያውም ለስላሳ ከሆነ አኑሉስ ነው፤ ቢላው ወይም ሞረዱ ያለፈው በቀለበቱ ላይ ነው ማለት ነው። ጎኑ ጉብጉብ ብሎ፣ ጥርሶቹ ወፍራምና ጥቂት ሆነው፣ ሲይዙት ከበድ ካለ ሞኔታ ነው። ከቀፊራ የገዙት ቢጫው፣ እንደገለጹት ከሆነ፣ ሞኔታ ይመስላል። ከሆነ እውነተኛ ነው፣ ግን ለዚህ ቅል ላይሆን ይችላል።

ፕላስቲክም በገበያ አለና አንድ መለያ ልስጥዎ። 10 ያህሉን ደርድረው ጥርሳቸውን ይቁጠሩ። የባሕሩ እርስ በርሱ አይመሳሰልም፤ አንዱ ጥርስ ይጨምራል፣ ሌላው ይቀንሳል፣ ሦስተኛው ጠመም ይላል። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆኑ ከአንድ ቅርጽ የወጡ ናቸው። እውነተኛው ከንፈር ላይ ሲያስነኩት ይቀዘቅዛል፣ መስታወት ላይ ሲያንኳኩት እንደ ሸክላ ይጮኻል። በጋለ መርፌ መፈተን የሚባለውን በአሮጌው ላይ አያድርጉት።

ዛጎሉን ብቻ አይቶ «ይህ ከዘይላ ነው፣ ይህ ከዛንዚባር» የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ አያምኑት። እነዚህ ዝርያዎች በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ጠረፍ ላይ ይኖራሉ፤ ዝርያውን ማወቅ የትውልድ ዳርቻውን ማወቅ አይደለም። የቅሉም ዕድሜ ከዛጎሉ አይታወቅም። ለዚያ የቆዳው አለባበስ፣ የስፌቱ ዓይነትና የቤተሰብዎ ትዝታ ይሻላል።

ሎሚውን ለምን እንደከለከልኩ ልግለጽ። ዛጎል ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ኖራ ድንጋዩ ራሱ ማለት ነው። የሎሚ ጭማቂ ሲነካው አረፋ ያወጣል፤ ያ አረፋ ቆሻሻው ሲለቅ አይደለም፣ ዛጎሉ ራሱ ሲሟሟ ነው። መጀመሪያ የሚሄደው ላይኛው አንጸባራቂ ሽፋን ነው። አንድ ሌሊት ኮምጣጤ ውስጥ ያደረ የአንገት ጌጥ አንዲት እናት ይዘውልኝ መጥተው ያውቃሉ፤ ነጭ ሆኖ ነበር፣ ግን እንደ ጠመኔ፣ ጣት ላይ ዱቄት ይተው ነበር። ምንም ላደርግላቸው አልቻልኩም፣ ካባ የሚያለብሰው እንስሳ የለምና። በዚያ ላይ የእርስዎ ዛጎል የጠቆረው ቆሽሾ አይደለም። መናጫ ቅል በጢስ ይታጠናል፣ ቅቤ ይጠጣል፣ በእጅ ይዳበሳል፤ ያ ቡናማ ቀለም የአያትዎ እጅ ሥራ ነው፣ ሊጠፋ አይገባም። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ። የማይለቅ ነገር ካለ ንጹሕ ውሃ የነካካ ጥጥ ዛጎሉ ላይ ብቻ፣ ቆዳው ሳይርስ፣ አሳልፈው ወዲያው ያድርቁ። ቅባት አይቀቡት። ማስቀመጫውን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ አዲስ ኮምፔርሳቶ ወይም አዲስ እንጨት ቁም ሣጥን ውስጥ ዘግተው አያኑሩት። እንጨቱና ሙጫው የሚያወጡት የአሲድ ትነት በዝግ ቦታ ተጠራቅሞ ዛጎሉን ቀስ በቀስ ይበላዋል፣ ነጭ ብናኝ ያወጣል። አየር የሚያገኝበት፣ ፀሐይ የማይመታው መደርደሪያ ይበቃል። በሐረር ቤት ግድግዳ ላይ ዕቃ መስቀልና መደርደር ልማድ ስለሆነ ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ለ7ቱ ባዶ ቦታ ያለዎት ምርጫ ሦስት ነው። እንዳለ መተው፤ ቅሉን ለማስታወሻ ካስቀመጡት ነውር የለውም። አዲስ ዛጎል ገዝቶ ጀርባውን ገዝግዞ መስፋት፤ ያምራል፣ ግን ከሩቅ ያስታውቃል፣ ከዚያም በላይ አዲስ በተገዛ ቁጥር ከኮራሉ ዳርቻ አዲስ እንስሳ ይለቀማል። ሦስተኛው ከተበጣጠሰ አሮጌ ጌጥ የተረፈ፣ ተመሳሳይ ዝርያ፣ ጀርባው አስቀድሞ የተነሣ ዛጎል መፈለግ ነው። የምመክርዎ ይህንኑ ነው። ሸዋ በር ወይም ቀፊራ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ እናቶች ዘንድ በቁጥር ይገኛል። ከረገፉት አንዱን በኪስዎ ይዘው ይሂዱና አጠገቡ አድርገው ያመሳስሉ፤ በስልክ ፎቶ አይመረጥም። አንድ ሙሉ አሮጌ ጌጥ ፈትተው ዛጎሉን ሊሸጡልዎ ቢሉ ግን እምቢ ይበሉ፤ የአንዷን አያት ለማዳን የሌላዋን ማፍረስ አይገባም።

ጅቡቲ ዘመድ አለኝ፣ ልልቀምና ልምጣ ካሉ፣ አይልቀሙ። ሕይወት ያለውን ማንሣት ዳርቻውን ያራቁታል፤ በዚያ ላይ አደጋ አለው። በእነዚያው የኮራል ሜዳዎች ሾጣጣ ቤት ያለው፣ እሱም እንደ ዛጎል ቀጭን ስንጥቅ ያለው ሌላ ቀንድ አውጣ ይኖራል፤ ኮን ይሉታል። መርዛም መርፌ ይተኩሳል፣ ከዝርያዎቹ ሰው የገደሉ አሉ፣ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ሥዕሉ ያማረ ስለሆነ ልጅ ቀድሞ የሚያነሣው እሱን ነው። ባሕር ዳር ለሚሄዱ ልጆች «ሾጣጣውን አትንኩ» የምትለውን ቃል ከመነሣታቸው በፊት ያስይዟቸው።

ሲሰፉ በናይለን አይስፉ፤ አይበጠስም፣ ስለዚህ ሲሳብ የሚቀደደው አሮጌው ቆዳ ነው። ሱፐር ግሉም አይሁን። ከቆዳው የሚደክም ቀጭን የጥጥ ክር ይሻላል፤ ቢጎተት ክሩ ይበጠሳል እንጂ ቆዳው ይተርፋል። በቀድሞው ቀዳዳ ይመልሱት፣ አዲስ አይብሱ። አዲስ የገቡት የትኞቹ እንደሆኑም ከቅሉ ፎቶ ጋር በወረቀት ይጻፉት። እናትዎ በሕይወት ሳሉ ደግሞ ያን ቅል መጀመሪያ የሰፋው ማን እንደሆነ ጠይቀው እዚያው ወረቀት ላይ ያስፍሩ።